ከልጅ ልጄ ጋር ጓርኒሲዮን ስንቆርጥ

ጓርኒሲዮን የሚለውን ቃል የማያውቅ መካኒክ አዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም። ከጣሊያንኛ ወስደን እንደ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮንና ካንዴላ ሁሉ የራሳችን ካደረግናቸው የጋራዥ ቃላት አንዱ ነው። ሁለት ብረቶች በብሎን ሲገጣጠሙ በመካከላቸው ገብቶ ዘይት እንዳይወጣ፣ አየር እንዳይገባ፣ ግፊት እንዳያመልጥ የሚከለክል ስስ ነገር ነው። እንደየቦታው ወረቀት፣ ቡሽ፣ ጎማ ወይም መዳብ ይሆናል። ባለ መኪና ስሙን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በክፉ ቀን ነው፤ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ሲባል ፊቱ የማይለዋወጥ ደንበኛ አላየሁም።

እኔ ከጓርኒሲዮን ጋር 38 ዓመት ኖሬያለሁ። የቮልስ፣ የፊያት፣ የላንድሮቨር፣ የኢሱዙ፣ ስንቱን ቆርጬ ገጥሜያለሁ። በዚያን ጊዜ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ወር ይፈጃል፤ ሶማሌ ተራ ወርደን ካጣን ያለን አማራጭ በእጅ መቁረጥ ነበር። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ክብደቱ አንድ ግራም ስለማይሞላ፣ መዳፍ ውስጥ ለሚገባ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ስለተሠራ ጓርኒሲዮን ነው። ጋራዥ ገብታችሁ የማታውቁ አያቶችና ወላጆች ብትሆኑም ነገሩ ይመለከታችኋል ብዬ አስባለሁ።

ሳጥኑ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ሴት ልጄ ቤት መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ልጆቹን ተከትሎ ውጭ አገር የገባ አያት ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ያውቀዋል። ጠዋት ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል፤ ቤቱ ጭር ይላል። ማታ ሲመለሱ ደክሟቸዋል። የ12 ዓመቱ የልጅ ልጄ አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ወሬ «በላህ?»፣ «አዎ አባባ»፣ «ደህና እደር» ነበር። ፍቅር ጠፍቶ አይደለም፤ አብረን የምንነጋገርበት ጉዳይ ጠፍቶ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት አሜሪካዊት፣ ሣራቸውን የሚያጭድላቸውን ይህንን ልጅ ጠርተው አንድ የእንጨት ሳጥን ሰጡት። የሟች ባለቤታቸው ነው። ውስጡ ሦስት ትናንሽ ሞተሮች፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ፕሮፔለሮችና ዘይት የደረቀባቸው መፍቻዎች ነበሩ። ባለቤታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ ውስጥ ሞተር ሲያስነሱ ድምፁን ከወጥ ቤት ሆነው ይሰሙ እንደነበር ነገሩት። «አንዱን ካስነሳኸው ጥራኝና ልስማው» አሉት። እሱም «አስነሳዋለሁ» ብሎ ቃል ገባ።

ሁለት ሳምንት ታገለ። ከቪዲዮ ያየውን ሁሉ አደረገ። አዲስ ካንዴላ ገዛ፤ እናቱ አዲስ ነዳጅ ገዛችለት። ሞተሩ አንዴ ይጮኽና ወዲያው ይጠፋል፤ ወይም ከነጭራሹ አይነሳም። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩን በሶፍት ጠቅልሎ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። «አባባ፣ አንተ መካኒክ አልነበርክም?» አለኝ። ቤቱ ከገባሁ ጀምሮ ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ትንሿ ሞተር እንዴት ትተነፍሳለች?

ያመጣልኝ ሞተር ጃፓን የተሠራ ባለ 2.5 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 15 ሚሊሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 14 ሚሊሜትር ነው። 2.5 ሲሲ ማለት የሻይ ማንኪያ ግማሽ ማለት ነው። አዲስ አበባ የምናውቀው ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ሞተሩ ወደ 200 ሲሲ ስለሆነ ይህቺኛዋ ከ80 እጅ አንዷ ናት። ያም ሆኖ በደቂቃ ከ10 ሺህ ዙር በላይ ትዞራለች።

የእነዚህ ሞተሮች ካንዴላ እንደ መኪናው ብልጭታ አይሰጥም። ውስጡ ትንሽ የተጠመጠመ የፕላቲነም ሽቦ አለ። ለማስነሳት ሽቦው በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል። ነዳጁ ሜታኖል ስለሆነ ፕላቲነሙ ከእሱ ጋር ሲገናኝ ራሱን እንደጋለ ያቆያል። ይህን ዓይነት ካንዴላ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ ያወጣው ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የሞዴል ሞተሮች ከነባትሪያቸውና ከነኮይላቸው ይበሩ ስለነበር ከባድ ነበሩ። ካንዴላው ሲቀል ሞተሩም ረከሰ፤ ካሊፎርኒያ ሳንታ አና ውስጥ የነበረው የሊሮይ ኮክስ ፋብሪካ 0.8 ሲሲ ብቻ የሆኑ ሞተሮችን እየሠራ በልጆች እጅ አስገባቸው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ሞተሩ ባለ ሁለት ምት መሆኑ ነው። ቬስፓ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ዘይቱ ለብቻ አይቀመጥም፣ ከነዳጁ ጋር ይደባለቃል። እንዲህ ዓይነት ሞተር በሁለት በኩል ይተነፍሳል። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከበታቹ ያለው፣ ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ክፍል አየርና ነዳጅ ወደ ውስጥ ይስባል። ፒስቶኑ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ጨምቆ በጎን ባለው ቀዳዳ ወደ ላይ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ልጁ እንዲገባው የአንጥረኛ ወናፍ ነው አልኩት። ወናፍ ምን እንደሆነ አያውቅም። የፕላስቲክ ከረጢት በአየር ሞልቼ አፉን በእጄ ይዤ ስጨምቀው በጣቶቼ መካከል አየር ወጣ፤ ከዚያም በመርፌ በሳሁትና ደግሜ ጨመቅሁት። «ሲበሳ እሳቱ አይነድም» አልኩት። «ወናፍ» ብሎ ደገመው።

የመኪና ሞተር የዘይት ኮፓው ጓርኒሲዮን ቢያፈስ መሬት ላይ ዘይት ይንጠባጠባል፤ መኪናው ግን ይሄዳል። በዚህች ሞተር ግን የኋላ ክዳኗ ጓርኒሲዮን ካፈሰ አየር በማይገባበት በኩል ይገባል። ነዳጁ ይሳሳል፤ አታስነሳም፤ ብትነሳም ያለ ልክ ትግላለች፤ የነዳጅ መርፌዋን ብታስተካክሉት አንዴ ትሰማለች፣ አንዴ አትሰማም። ዘይቷም ከነዳጁ ጋር ስለሆነ ነዳጅ ሲያንሳት ዘይትም ያንሳታል። አንድ ቁራጭ ወረቀት ሞተር ይገድላል የምለው ለዚህ ነው።

ከመፍታት በፊት

ልጆች መፍታት ይወዳሉ። እኛ ጋራዥ ውስጥ የተማርነው ግን ከመፍታት በፊት መጠየቅን ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ አልኩት። ካንዴላው ይግላል? አውጥተን አየነው፤ ቀይ ሆኖ ይበራል። ነዳጁ አዲስ ነው? ሜታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ የከረመ አይታመንም፤ የእኛ አዲስ ነበር። ነዳጁ በቱቦው ይመጣል? ይመጣል። የቀረው የአየር መግቢያ ፍለጋ ነው።

የኋላ ክዳኑ በአራት ብሎን ይታሰራል። ያለ ነዳጅና ያለ ባትሪ፣ የክዳኑ መገጣጠሚያ ዙሪያ ጥቂት ጠብታ የጉሎ ዘይት አደረግንና ፕሮፔለሩን በእጁ ቀስ ብሎ እንዲያዞር ነገርኩት። ፒስቶኑ ሲወርድ ከታች ጥግ በኩል አረፋ ብቅ አለ። ሲወጣ ዘይቱ ወደ ውስጥ ተሳበ። ልጁ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየው። በሽታውን ራሱ ስላገኘው የነገርኩት አልመሰለውም፤ ይህ ለኋላው ሥራ ጠቅሞናል።

ብሎኖቹን ከመፍታታችን በፊት ፎቶ አነሳ። ብሎን የሚፈታው በሰያፍ፣ አንዱን ከላይ ግራ፣ ቀጥሎ ከታች ቀኝ፣ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያላሉ ነው፤ አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ ስሱን አሉሚኒየም ያጣምመዋል። ክዳኑ አልላቀቅ ሲል ዘይቱ መሆኑን አወቅሁ። በእነዚህ ሞተሮች ነዳጅ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ የጉሎ ዘይት ነው፤ እኛ ለፀጉር የምንቀባው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የጦር አውሮፕላኖች ሞተር ይለሰልስበት የነበረው። ሙቀት ስለሚችል ተመራጭ ነው፤ ዓመታት ሲቀመጥ ግን እንደ ሙጫ ይጠነክራል። መዶሻ አያስፈልግም። በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ አሞቅነውና ክዳኑ በራሱ ፈቃድ መጣ።

ጓርኒሲዮኑ ተሰባብሮ ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። የተጣበቀውን በቢላዋ መፋቅ ክልክል ነው፤ አሉሚኒየም ይጫራል፣ የተጫረ ቦታ ደግሞ አዲስ የአየር መንገድ ነው። የቀርከሃ ስንጥር አሹለን በዘይት እያረጠብን አነሳነው።

እዚህ ላይ እንደኔ በጋራዥ ላረጃችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እኛ በወጣትነታችን የምንቆርጠው ግራጫ የጓርኒሲዮን ወረቀት ብዙው አስቤስቶስ ነበረበት፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ ካንሰር ያመጣል። አሮጌ ጥቅል ቤት ካላችሁ ለልጅ እንዳትሰጡ። ምንነቱ የማይታወቅ አሮጌ ጓርኒሲዮንንም በደረቁ አትፈቅፍቁ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፍጉ።

ወረቀቱን መምረጥ

የዚህን ሞተር ጓርኒሲዮን ልጁ ፈልጎ አጣው። ለአንዳንድ የታወቁ ሞተሮች ዛሬም የሚሸጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ከተገኘ መግዛት አያሳፍርም። ካልተገኘ ግን ቁሳቁሱ ቤት ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ውፍረት። ከአሮጌው ያልተበላሸውን ቁራጭ በካሊፐር ለካነው። እሱ በኢንች 0.010 ብሎ አነበበ፤ እኔ በሚሊሜትር 0.25 አልኩ። ተከራከርንና በ25.4 ሲያባዛው አንድ ሆነ። ካሊፐር የሌለው ሰው አንድ ዓይነት ወረቀት 10 ደርቦ በማስመሪያ ለክቶ ለ10 ማካፈል ይችላል። ተራ የፕሪንተር ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ሳሳ። የቁርስ እህል ካርቶን ወፈረ። የቢሮ ማኒላ ፎልደር ሲለካ ልክ 0.25 መጣ።

ውፍረቱ እንዲሁ የሚገመት ነገር አይደለም። በአንዳንድ ሞተሮች ከኋላ ክዳኑና ከቢየላው መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ጓርኒሲዮኑ ከሳሳ ቢየላው ክዳኑን ይፈገፍጋል። ከወፈረ ደግሞ ወናፉ ይሰፋል፤ የሚጨመቀው አየር ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የነበረውን ልክ መከተል ይበልጣል። ሲሊኮን ቀብቶ መገላገልም አለ፤ እኔ ግን አልወደውም። ብሎኑ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባና ቆይቶ ተቆርጦ በጠባቡ የአየር መንገድ ይሄዳል።

መቁረጥ

የመኪና ጓርኒሲዮን የቆረጠ ሰው ዘዴውን ያስታውሳል። ወረቀቱን ብረቱ ላይ አንጥፎ በክብ ራስ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ብረቱ ራሱ ይቆርጠዋል። በዚህች ሞተር ላይ ግን መዶሻ አይነሳም። አሉሚኒየሟ ለስላሳ ስለሆነች ጠርዟ ይደፈጠጣል። እኛ ያደረግነው የክዳኑን ፊት በማኅተም ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ እንደ ማኅተም ማተም ነው። ቀለም ከሌለ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ይዞ በዘይት በራሰ አውራ ጣት መጫን ይበቃል፤ ጠርዙ ራሱ ምልክት ይተዋል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች፣ ቀጥሎ የመሃሉ ክብ፣ በመጨረሻ የውጭው ጠርዝ። ሰው ሁሉ በመቀስ ውጩን ቆርጦ መጀመር ይወዳል። ያን ጊዜ የቀረው ስስ ቀለበት ስለሚሆን ቀዳዳ ሲበሳበት ይቀደዳል። ሰፊው ወረቀት ግን ለእጅ መያዣ ይሆናል። የልጅ ልጄ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውጩን አስቀድሞ ቆርጦ ቀደዳቸው። ዝም አልኩት። ሦስተኛውን ከቀዳዳው ጀመረ።

ቀዳዳ የሚበሳው በምስማር አይደለም፤ ምስማር ወረቀቱን ይገፋዋል፣ ዙሪያውን ያሳብጠዋል፣ ያበጠው ቦታ ያፈሳል። የአሮጌ ሬዲዮ አንቴና አለ፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ የተለያየ ስፋት ያላቸው ቱቦዎች ናቸው። ለብሎኑ የሚስማማውን ቱቦ ቆርጠን አፉን በሞረድ አሹለን፣ ወረቀቱን እንጨት ላይ አድርገን በእጅ እያሽከረከርን ጫንነው። ንጹሕ ክብ ወጣ። መሃሉን በአዲስ ምላጭ ቢላዋ ቆረጥነው፤ ክቡንም ከክዳኑ ጠርዝ አንድ ፀጉር ያህል አሰፋነው። ወደ ውስጥ የገባ የወረቀት ጫፍ ከቢየላው ጋር ይጋጫል፤ ወይም ተነጭቶ ይሄዳል።

የተቆረጠውን በጉሎ ዘይት አርሰን ገጠምነው። ዘይቱ ወረቀቱን ያለሰልሰዋል፣ ሌላ ጊዜ ሲፈታም እንዳይጣበቅ ይረዳል። ብሎኖቹን እንደ አፈታታችን በሰያፍ፣ በሁለት ጣት ኃይል ብቻ አጠበቅን። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ፕሮፔለሩን እያዞርን የሚፈገፍግ ነገር እንዳለ አዳመጥን። እንደገና ዘይት ጠብ አድርገን ስናዞረው አረፋ የለም።

የቴስታታው ጉዳይ ሌላ ነው

ቴስታታውም የራሱ ጓርኒሲዮን አለው። እዚያ እሳት ስላለ ወረቀት አይሆንም፤ ስስ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ነው። የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ጎን 0.1 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ለአሉሚኒየሙ ሊያገለግል ይችላል፤ ጠርዙ ግን እጅ ይቆርጣልና ይህን ትልቅ ሰው ይቁረጠው። የመዳቡ ዕድሜ የሚያጥረው እየጠነከረ ስለሚሄድ ነው። ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አግሎ ውኃ ውስጥ መንከር ደግሞ ያለሰልሰዋል። ብረት ግሎ ሲነከር የሚጠነክር፣ መዳብ የሚለሰልስ መሆኑ ልጁን በጣም ገረመው።

እዚህም ውፍረት ይቆጠራል። በወረቀት ላይ አስላው አልኩት። 15 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ላይ 0.1 ሚሊሜትር ብንጨምር የሚጨምረው ባዶ ቦታ 0.018 ሲሲ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ጭመቁ 9 ለ 1 ነው ብንል፣ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ቦታ 0.31 ሲሲ ብቻ ስለሆነ ጭማሪው ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። ያንኑ 0.1 ሚሊሜትር ባለ 80 ሚሊሜትር ሲሊንደር መኪና ላይ ብናስገባ ለውጡ 1 በመቶ ነው። የእኛ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ደህና ስለነበር አልነካነውም። ያልታመመ አይታከምም።

ማስነሳት፤ ከዚያ በፊት ግን

ከዚህ በታች ያለውን እናቶችም አባቶችም ሁለቴ አንብቡት። ሜታኖል መርዝ ነው። ጥቂት መጠጣት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፤ በቆዳም ይገባል። ሲቃጠል ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን አይታይም ለማለት ይቻላል። በውኃ ጠርሙስ አይቀመጥም። በራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ልጅ ብቻውን አይከፍተውም።

ሞተሯ ትንሽ ብትሆንም ፕሮፔለሯ ጣት ይቆርጣል። በሞርሳ ወይም በከባድ ጣውላ ላይ በብሎን ታስራለች። መነጽር ይደረጋል። ፕሮፔለሩ የሚመታው በጣት አይደለም፤ በጎማ የተለበጠ ዱላ አለ። ከተነሳች በኋላ ሰው የሚቆመው ከኋላዋ ነው፤ ከፊትና ከጎን፣ በፕሮፔለሩ መስመር ላይ ማንም አይቆምም። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንዘረፈፈ እጅጌ አይቀርብም። ሥራው ውጭ፣ አየር ባለበት ነው። ጆሮም ይሸፈናል።

ማብረር የራሱ ሕግ አለው። እኛ ያለንበት ከዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በ15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ስለሆነ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ በሪሞት የሚበር ነገር ማስነሳት ክልክል ነው። ስለዚህ ሞተሯ ጣውላ ላይ ታስራ ትጮኻለች እንጂ አትበርም። የትም ብትሆኑ ከማብረራችሁ በፊት የአገሩን ሕግ ጠይቁ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጎረቤታችንን ጠራቸው። በአራተኛው ምት ተነሳች። ልጁ ባትሪውን ነቀለ፤ መርፌውን ከኋላ ሆኖ ቀስ እያለ አጠበበ፤ ድምፁ ከጉርምርምታ ወደ ጥርት ያለ ጩኸት ተለወጠ። ሴትዮዋ አጥራቸውን ተደግፈው ነዳጁ እስኪያልቅ ቆሙ። ሲጠፋ «አንዴ ድገመው» አሉት። ደገመው። ከቀዘቀዘች በኋላ ብሎኖቿን እንደገና ጠበቅ አደረግን፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ትንሽ ስለሚተኛ ይህ አይዘለልም።

ለእኛ ምን ተረፈን

ውጭ አገር ያለን አያቶች «ለእነዚህ ልጆች የምንሰጠው ምን አለን?» እያልን እንተክዛለን። ልጁ ቁጭ ብሎ ታሪካችንን አይሰማም። አማርኛ ተማር ብንለው ይሰለቻል። እኔ ያየሁት ግን ሥራው ሲመጣ ቃሉ አብሮት እንደሚመጣ ነው። ማንም «ጠርዝ» የሚለውን ቃል አላስጠናውም፤ ጠርዙ ስላልጠራ «አባባ፣ ጠርዙ አልጠራም» አለ። ስስ፣ ወፍራም፣ ላላ፣ ጠበቅ፣ ሰያፍ፣ ወናፍ፣ እነዚህ ሁሉ በእጁ በኩል ገቡ። ከሳጥኑ ሁለተኛዋን ሞተር አሁን እሱ ነው የሚፈታት፤ እኔ ብሎን እይዛለሁ። የቆረጣቸውን ትርፍ ጓርኒሲዮኖች በፖስታ አድርጎ ላዩ ላይ በተጣመመ ፊደል «የኋላ ክዳን 0.25» ብሎ ጽፎባቸዋል።

ሌላው ነገር እውነተኛ ፈተና መኖሩ ነው። ልጅን «ጎበዝ» ማለት ቀላል ነው፤ እሱም ዝም ብለን እንደምንለው ያውቃል። ወረቀት ግን አያባብልም። በደንብ ከተቆረጠ ሞተሩ ይነሳል፤ ካልተቆረጠ አረፋ ያወጣል። ሦስተኛው ሙከራው ሲሳካ እኔ ምንም ማለት አላስፈለገኝም።

የሞዴል ሞተር ሁሉም ቤት አይገኝም። ጓርኒሲዮን የሌለበት ቤት ግን የለም። የሚያንጠባጥብ የውኃ ቧንቧ ውስጥ ጎሚኒ አለ፤ የግፊት ድስቱ ክዳን ላይ የጎማ ቀለበት አለ። የድስቱን በእጅ ከመቁረጥ ይልቅ የራሱን መግዛት ነው፤ እንፋሎቱ አደገኛ ነውና። ቧንቧው ግን ለጀማሪ ይመቻል። ዋናውን የውኃ መዝጊያ ዝጉ፤ ቧንቧውን አብራችሁ ፍቱ፤ አሮጌውን ጎሚኒ አውጥታችሁ ለልጁ በእጁ ስጡት፤ ስፋቱንና ውፍረቱን ይለካ። ከዚያ በልኩ የሚሆን ይፈልግ፣ ራሱ ይግጠመው፣ ውኃውንም ራሱ ይክፈተው። ካንጠባጠበ እናንተ ቀድማችሁ አትናገሩ። እሱ ያየዋል፤ መልሶም ይፈታዋል።